አትርፎ የሚያበላ፦ የጋሞ ሸማኔ ነጋዴ ታሪክ

ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ ምድሩ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይነሣል። ከአርባ ምንጭ ሜዳ ተነሥቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛውን መንገድ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ የሙዙን ማሳ ትቶ ከቀርከሃውና ከእንሰቱ፣ ሙቀቱን ትቶ ከጉሙ ይደርሳል። ከደጋው በላይ ደግሞ የጉጌ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው። ከዚህ ደጋ ወጥቶ አገር ያለበሰ ሰው አለ።

የዚህ ትረካ ባለታሪክ እሱ ነው። አንድ ሰው ግን አይደለም። ብዙ ሺህ ነው፤ አያት፣ አባትና ልጅ ነው። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ዓመቱን ሙሉ ሲሸምን የከረመ፣ የሸመነውን ይዞ ገበያ የወጣ፣ በመስቀል ደግሞ ወገቡ ላይ የቋጠረውን ፈትቶ ቤቱን በሥጋና በቅቤ፣ ሰፈሩን በዘፈን የሞላ የጋሞ አባወራ ነው። ሐውልት አልቆመለትም፤ ስሙም በመዝገብ አልሰፈረም። የሚነሣው ሲነሣ እንኳ ግማሹ ብቻ ነው፦ ወይ በጋቢው፣ ወይ በጭፈራው። ሥራው፣ ቤቱና ጨዋታው ግን በአንድ ኪስ የተያዙ ነበሩ።

ሲያበላ የሚከበር

ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በፊት የጋሞ ደጋ በአንድ ንጉሥ ሥር ያደረ አገር አልነበረም። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኤዞ፣ ዲታ፣ ቦንኬ፣ ኦቾሎ እያለ የሚቀጥል የትንንሽ አገሮች ስብስብ ነበር። እያንዳንዱ «ደሬ» ይባላል። ለደሬው መሥዋዕት የሚያቀርብ ካዎ አለው፤ የአገር ጉዳይ ግን የሚቆረጠው ወንዶች በዱቡሻ ተቀምጠው በሚመክሩት ምክር ነው። ዱቡሻው ሜዳ ነው፤ ጣሪያም ወንበርም የለውም። የሚናገር ይነሣል፣ የሚሰማ ይቀመጣል፣ ክርክሩ ስምምነት ላይ እስኪደርስ ጉዳዩ ይውላል ያድራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሀላቃ የሚባል ማዕረግ ነበር። ሀላቃ የሚሆን ሰው ትልቅ ድግስ ደግሶ የአካባቢውን ሰው ማብላትና ማጠጣት ነበረበት። ለዚህ ዓመታት ይቆጥባል፤ ዘመድ ይረዳዋል፤ ሚስቱና የሚስቱ ወገኖች እህሉን፣ ቅቤውንና ጠላውን ሲያሰናዱ ይከርማሉ። ቀኑ ሲደርስ ራሱን ቅቤ ተቀብቶ፣ የሰጎን ላባ ሰክቶ፣ ሆሮሶ የሚባለውን በትር ይዞ በገበያው ይዞራል። ይህን ዙረት ሶፌ ይሉታል። ገበያ የወጣው ሕዝብ ያየዋል፣ ያወድሰዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉ ሰው ነው። ሀብት በጎተራ ሳለ ለባለቤቱ ክብር አይሰጥም ነበር፤ ክብር የሚመጣው ሀብቱ በሰው ፊት ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የሸማኔው ነጋዴ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ልማድ የሚነሣ ነው።

ሕጉ ጥብቅ ነበር። ነገር ሁሉ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል፤ ታላቅ ሳይዘራ ታናሽ አይዘራም፣ አባት ሳለ ልጅ በማዕረግ አይቀድምም። ማዕዱም ለሁሉ እኩል አልተዘረጋም። ሸክላ ሠሪዎቹ ማናና ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላ ከዜጋው ተለይተው የሚኖሩ፣ በዱቡሻው እንደ ሌላው ሰው የማይናገሩ ነበሩ። የጋሞን አደባባይ እኩልነት የሚያወድስ ሰው ይህን አብሮ ማንሣት አለበት።

ቤቱን ያየ የቤተሰቡን ቦታ ያውቃል። የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ተጠልፎ በእንሰት ቅርፊት የሚከደን፣ ፊቱ የዝሆን ግንባርና ኩምቢ የሚመስል ረጅም ቤት ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይፈርስም። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ጎረቤት ተሰብስቦ ያነሣና ተሸክሞ ያዛውረዋል። ወንድ ልጅ ሲያገባ በአባቱ ግቢ ጎጆ ይወጣል። ሙሽራዋ ወራት ከሥራ አርፋ፣ ቅቤ እየተቀባች፣ በልታ ጠጥታ ትቆያለች፤ ጊዜው ሲያልቅ እሷም ተውባ በገበያ ትዞራለች። ከጓሮ እንሰቱ አለ። ቆጮው ከሱ ይወጣል፣ ገመዱ ከሱ ይወጣል፣ መክደኛውም ከሱ ነው።

ሽመና በዚህ ዘመንም ነበር። ጥጥ ከቆላ ይመጣል፣ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ያን ጊዜ ግን የኑሮ መደጎሚያ እንጂ የኑሮ መሠረት አልነበረም።

ወደ አዲስ አበባ

የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታን በ1887 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የጋሞ ደጋም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ከጦሩ ጋር ነፍጠኛ መጣ፣ ከነፍጠኛው ጋር ገባርነት መጣ። ገበሬው እህልና ማር ከፈለ፣ እንጨት ተሸከመ፣ የገዥዎችን ዕቃ ተሸክሞ እስከ አዲስ አበባ ተጓዘ። ተሸጠው በባርነት የተወሰዱም ነበሩ። የጋሞ ሰው ከዋና ከተማው ጋር የተዋወቀው በዚህ መልክ ነው፤ ጀርባው ጎብጦ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረች ያን ጊዜ ገና የድንኳንና የጎጆ ከተማ ነበረች። መኳንንቱ፣ ካህናቱና ወታደሩ ነጭ ልብስ ይፈልጋሉ፤ ለመስቀል፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ያለ ነጠላና ያለ ኩታ አይወጣም። ፈላጊው በዛ፣ ሠሪው አነሰ። በሰሜኑ ልማድ ሽመና የተናቀ ሙያ ነበር። ባለ እጅ ቡዳ ይባል ነበር፤ «ሸማኔ» ስድብ ነበር። ሰው የሸማኔውን ልብስ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ከሸማኔው ጋር ግን አይጋባም ነበር። ከደቡብ የመጣው የጋሞ ሰው በአገሩ ይህ ሸክም አልነበረበትም። በጋሞ የሚናቀው ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው እንጂ ሸማኔው አልነበረም። ስለዚህ ሌላው የሸሸውን ሥራ ያለ ኀፍረት ያዘ። ከሸክም ወጥቶ መወርወሪያ ጨበጠ።

በእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ የሸማኔ መንደር በቀለ። ሥራው ቦታ አይፈጅም። መሬት ይቆፈራል፣ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ መረገጫውን ይረግጣል፣ በእጁ መወርወሪያውን ከዳር ዳር ይልካል። ከቤት ሴቲቱ ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ ባዘቶ አድርጋ፣ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ማጉም በቀሰም ይጠቀለላል። አንድ ጋቢ ከጉድጓዱ ወጥቶ ገዥ ትከሻ ላይ እስኪደርስ የስንት ሰው እጅ ያልፍበታል! ሸማኔውን ባለሙያ፣ ሚስቱን ደግሞ የሥራው ሸሪክ ብሎ መጥራት ይገባል። የእሷ ድርሻ ግን ብዙ ጊዜ በስሙ ሥር ተውጦ ቀርቷል።

የአዲስ አበባ ሰው ከዶኮም ይምጣ ከኤዞ፣ ሁሉንም በአንድ ስም «ዶርዜ» አለው። ስሙ ሙያም ሆነ፣ ሰፈርም ሆነ። አንድ ሰው ቀድሞ ከተማ ይገባል፤ ቦታ ሲይዝ የወንድሙን ልጅ ያመጣል፤ ልጁ እያየ ይለምዳል፣ ከዚያም የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። የማያውቁት ከተማ ላይ ዘመድ ባንክም፣ ትምህርት ቤትም፣ ዋስም ነበር። የተሸመነው ልብስ በመርካቶ ሸማ ተራ ይሸጣል፤ ደፋር የሆነው ደግሞ ትከሻው ላይ ደርቦ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይሸጣል። ሠሪው ራሱ ነጋዴ ሲሆን ትርፉ በመካከል አልተበላም።

ማስቃላ

ዓመቱን ሙሉ የተቆጠበው አንድ ቀን ይጠብቃል፤ መስከረም 17። በጋሞ መስቀል ማስቃላ ይባላል፤ በዓሉም ለሁለት ሳምንት ያህል ይዘልቃል። በክርስቲያናዊው በዓል ላይ የአዲስ ዓመት መቀበያ፣ የዘመድ መገናኛ፣ የዕዳ መክፈያና የእርቅ ጊዜ ተደርቦበታል። «ዮ ማስቃላ!» እያለ ሁሉም ወደ ቤቱ ይጎርፋል። መኪና ባልነበረበት ዘመን ሸማኔው ቀናት በእግሩ ተጉዞ ይደርስ ነበር፤ ኋላ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ፣ ዛሬ በአውቶቡስ ይገባል። በበዓሉ ሰሞን ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ድምፅ ይቀንስበታል።

ወደ አገሩ ባዶ እጁን የሚገባ ሰው አይገኝም፤ ካላገኘ ተበድሮም ይገባል። ወንዶች በቡድን ሆነው ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ይከርሙና ሰንጋ ገዝተው ያርዳሉ፣ ሥጋውን እኩል ይከፋፈላሉ። ሴቶች በበኩላቸው ለቅቤው ሲቆጥቡ ቆይተዋል። ልጆች አዲስ ልብስ ይጠብቃሉ። ጥሬ ሥጋው በዳጣ ይቀርባል፣ ቆጮው ይጋገራል፣ ጠላውና አረቄው ይቀዳል። ቤተሰቡ በታላቅ ወንድም ቤት ተሰብስቦ ይመረቃል፤ የተጣላ ሳይታረቅ አብሮ መብላት ነውር ነው። በዓመቱ ውስጥ ያገቡ ሙሽሮች ተውበው ገበያ ይወጣሉ።

ከዚያ ጨዋታው ነው። ዶርዜዎች ሲዘፍኑ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሌላው ከላይ ያንቆረቁራል፣ የቀረው ከሥር ያጉረመርማል። በአንድ ዘፈን ውስጥ ብዙ ድምፅ እየተደራረበ ሳይጋጭ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው ሕዝብ በአንድ ዜማ ተከትሎ ሲዘፍን፣ ይህ ደጋ በብዙ ዜማ በአንድ ጊዜ መዝፈን ያውቅበታል። ወንዶች ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሰደረበትን ዱንጉዛ ለብሰው ይዘልላሉ። ዓመቱን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ እግር በማስቃላ መሬት አይነካም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ጀርባ ትልቅ ለውጥ እየተካሄደ ነበር። በዱሮው ሥርዓት ሀብት በመሬትና በከብት፣ ክብርም በዕድሜ ቅደም ተከተል ነበር። አሁን ግን ታናሽ ወንድም ከአዲስ አበባ ጥሬ ብር ይዞ መጣ። በዶኮ ላይ ለብዙ ጊዜ ጥናት ያደረገችው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዴና ፍሪማን ይህን ነገር በጥልቀት መርምራዋለች፦ በሽመና የከበሩ ወጣቶች የድግሱን ሥርዓት ከሽማግሌዎች ጋር እየተከራከሩ እንዲለወጥ ጫና አደረጉ። ታላቅ ብቻ ያዝበት የነበረው ማዕድ የታናሹን ኪስ ማየት ጀመረ። ባህል በክርክር ይለወጣል፤ በዱቡሻው ላይም የሆነው ይኸው ነው።

አዲስ ከተማ፣ አዲስ ታዛቢ

ከጣሊያን መባረር በኋላ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ቀዝቃዛዋ ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ አጋማሽ አስተዳደሩ ከደጋው ወርዶ በሁለቱ ሐይቆች መካከል አዲስ ከተማ ቆረቆረ፤ አርባ ምንጭ። ከተማዋ በሁለት ተከፍላ አደገች፦ ሴቻ ላይ መሥሪያ ቤቱ፣ ሲቀላ ላይ ንግዱ። በገደሉ አፋፍ ላይ የቆመው በቀለ ሞላ ሆቴል የሁለቱን ሐይቆችና በመካከላቸው ያለውን የእግዜር ድልድይ ለእንግዳ ማሳያ ሆነ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። ለደጋው ሸማኔ ይህ ሁሉ ቀረብ ያለ ገበያ፣ ለልጁም ሌላ ሙያ መማሪያ ነበር። ሲቀላ ሱቅ የከፈተ፣ መኪና የገዛ፣ ሻይ ቤት ያቆመ የሸማኔ ልጅ የታየው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚሁ ሰሞን የውጭ ተመራማሪዎችም ወደ ዶርዜ ወጡ። አሜሪካዊቷ ጁዲት ኦልምስቴድ ሸማኔውን ብቻ አይታ አልተመለሰችም፤ የዶርዜን የሸማኔ ሚስትና የዲታን የገበሬ ሚስት ሥራ ጎን ለጎን አጥንታ ጻፈች። ባል ከተማ ሲከርም እርሻውን፣ ገበያውንና ቤቱን ማን ይዞት እንደሚከርም በዚህ ጥናት ተገለጠ። የፈረንሳዩ የሙዚቃ አጥኚ ቤርናር ሎርታ ዣኮብ ደግሞ የዶርዜን ባለ ብዙ ድምፅ ዘፈን ቀርጾ ለዓለም አሰማ።

ሌላው ፈረንሳዊ ዳን ስፔርበር ከዶርዜዎች ጋር ተቀምጦ የሰማውን አንድ ነገር መጽሐፉ ውስጥ አስገብቷል፤ ስለ ምልክትና ስለ እምነት በሚደረግ ምሁራዊ ክርክርም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን እንስሳ ነው፣ የቤተ ክርስቲያንን ጾም ያከብራል ይሉታል። ታዲያ ረቡዕና ዓርብ ከብቱን የሚጠብቅ የለም? ይጠብቃሉ! ነብር እንደሚጾም ያውቃሉ፤ ከብት ደግሞ በየቀኑ መጠበቅ እንዳለበት ያውቃሉ። ስፔርበር ከዚህ ተነሥቶ ሰው አንድን ነገር በምሳሌ ማመኑና በተግባር ማመኑ እንዴት እንደሚለያይ ጻፈ። እኔ ግን ከነገሩ የነጋዴ ጠባይ ይታየኛል። ዶርዜው በነብሩ ይቀልዳል፣ ከብቱን ግን ለነብሩ አያምንም። ቀልዱም ጥንቃቄውም በአንድ ሰው ውስጥ ሳይጣሉ ይኖራሉ።

ድግሱ የተከለከለበት ዘመን

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገባርነትን አስቀረ። ለጋሞ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ለነፍጠኛ የሚከፈለው ቀረ። በሌላ በኩል አዲሱ ወታደራዊ ሥርዓት የካዎውን መሥዋዕትና የሀላቃውን ድግስ ኋላ ቀርነትና ብክነት ብሎ ነቀፈ። ለእድገት በኅብረት የዘመቱ ተማሪዎች ወደ መንደሩ ሲመጡ የጥንቱ ሥርዓት ጠባቂዎች አፈሩ፣ ተደበቁ፣ አንዳንዱም ሥርዓት ተቋረጠ። በዱቡሻው ፋንታ የቀበሌው አዳራሽ ተቀመጠ።

ከተማ ላይ ሸማኔው በማኅበር እንዲደራጅ ተደረገ፤ ክርም በማኅበሩ በኩል ይከፋፈላል። የፋብሪካ ድር የሴቲቱን ፈትል እየተካ ሄደ። ሥራው ፈጠነ፤ በቤት ውስጥ ግን የፈታይዋ ገቢና ቦታ ቀነሰ። ለነጋዴው ዘመኑ ከባድ ነበር። ትርፍ ወንጀል የሚመስልበት፣ ለጦርነት ልጅ የሚታፈስበት ጊዜ ነው። ሆኖም ማስቃላ አልጠፋም። ሰንጋው ቢያንስ፣ ሰልፍና ስብሰባ ቢበዛም፣ ሸማኔው በመስከረም ወደ ቤቱ ገባ። መንግሥት ማዕረጉን ሊያግድ ቻለ፤ ልጅ አባቱን ለማየት የሚመጣበትን መንገድ ግን አልዘጋም።

የዘመኑ አንድ በረከት ትምህርት ነው። በ1979 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የሸማኔ ልጅ መሐንዲስ ሆኖ የተመረቀበት ግቢ ነው።

ሙዝ፣ ፖምና ሽሮ ሜዳ

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ገበያው ተለቀቀ፣ ባህሉም በአደባባይ መታየት ጀመረ። የሐበሻ ልብስ ፋሽን ሆነ። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለውጭ አገር ነዋሪ የሚላክ ብዙ ቀሚስ ጥለቱ ከጋሞ ሸማኔ እጅ ይወጣ ጀመር። ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር የተደረደሩ ሱቆች ያሉበት ትልቅ ገበያ ሆነ። ደጋው ላይ የዶርዜ ቤት እንግዳ ማረፊያ ሆነ፤ ቱሪስቱ ቆጮ ሲፋቅ ያያል፣ በማርና በዳጣ ይቀምሳል፣ ከዚያም ዶርዜዎች አስነሥተው ያስጨፍሩታል። ሚሲዮናውያን ወደ ጨንቻ ያስገቡት ፖም ተስፋፍቶ የደጋው ገበሬ ችግኝና ፍሬ ሸጦ ቤት ሠራበት። ታች ቆላው ላይ ደግሞ የአርባ ምንጭ ሙዝ በጭነት መኪና አዲስ አበባን ሞላት፤ ከጫሞ የሚወጣው ዓሣም የአርባ ምንጭ መለያ ሆነ።

አባወራውም ተለወጠ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደጋው ላይ ሲስፋፉ ብዙዎች አረቄውንም የጥንቱን መሥዋዕትም ተዉ። ለድግስ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ቆርቆሮ ቤት፣ ወደ ልጆች ትምህርት፣ ወደ ንግድ ዞረ። ይህን አንዳንዱ የባህል መጥፋት፣ ሌላው የቤተሰብ መዳን ይለዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በድግስ ዕዳ የተጎዳ ቤት ነበር፤ በድግስ የተጠበቀ ዘመድነትም ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ ጥቁር ገጽ አለ፤ ዘልሎ ማለፍም አይገባም። ታላቅ ወንድም ታናሹን ወደ ከተማ አምጥቶ ሥራ የሚያስተምርበት የጥንቱ መንገድ ወደ ንግድ ተለወጠ። ደላሎች ከጋሞ ደጋ ሕፃናትን በትምህርትና በገንዘብ ተስፋ ከወላጆቻቸው እየወሰዱ አዲስ አበባ ለሽመና አስቀመጧቸው። ረጅም ሰዓት የሚሠሩ፣ የሚደበደቡ፣ ትምህርት ቤት የማይገቡ ልጆች ታሪክ ለዓመታት ተዘግቧል። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በግዳጅ የሕፃናት ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚዘረዝራቸው ሸቀጦች ውስጥ የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ጨምሯል። ብዙ አባቶች ልጃቸውን የላኩት ዘመድ ጋ የሄደ መስሏቸው ነው። መታመን የዚህ ሙያ መሠረት ነበር፤ ደላላው የነገደው ይህንኑ መታመን ነው።

በቅርብ ዓመታት ሌላ ፈተና መጣ። የሐበሻ ቀሚስን ጥለት አስመስሎ በፋብሪካ የታተመ ርካሽ ጨርቅ ከውጭ እየገባ የእጅ ሥራውን ዋጋ ይጥለዋል። ሸማኔው ሳምንት የሚደክምበትን ጥለት መኪናው በደቂቃ ያትመዋል፤ ገዥውም ብዙ ጊዜ አይለየውም።

እርጥብ ሣር

በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዳር በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ከሞቱትና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የጋሞ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ ውስጥ ሸማኔዎችም ነበሩ። ማስቃላ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ወደ ደጋው የደረሰው ሰንጋ ሳይሆን መርዶ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ልማድ ሣር ይዞ የሚለምንን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ አይቻልም። ወጣቶቹ ተመለሱ። ምስሉ በመላ አገሪቱ ዞረ፤ ብዙ ሰው ስለ ጋሞ የእርቅ ሥርዓት የሰማው ያን ቀን ነው።

እነዚያ ሽማግሌዎች ከየት መጡ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር። ብዙዎቹ ከዚህ ትረካ ባለታሪክ ወገን ናቸው፤ የሸመኑ፣ የነገዱ፣ በማስቃላ ያበሉና የተጣላ ያስታረቁ አባቶች። ሽማግሌ ቃሉ የሚሰማው በጎዳናው ላይ ስለ ተንበረከከ ብቻ አይደለም። ወጣቶቹ በየቤቱ ሲበሉ፣ በየሠርጉ ሲመረቁ፣ በየዱቡሻው ሲዳኙ ስላደጉ ነው። አብረው የበሉትን ሰው ረግጦ ማለፍ ከባድ ነው።

በዚያው ዓመት የጋሞ ዞን ከቀድሞው የጋሞ ጎፋ ዞን ተለይቶ ራሱን ቻለ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ዞኑ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆነ። የአስተዳደሩ ስም በአንድ ሰው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። መስከረም 17 ግን አልተቀየረም፤ አውቶቡሶቹ ዛሬም ከአዲስ አበባ ሞልተው ይነሣሉ።

ያን አባወራ ስናስታውስ በሙሉ ሒሳቡ ማስታወስ ይገባል። የተናቀ ሙያ ይዞ ከሸክም ወጣ፣ ቤተሰብ አቆመ፣ ልጅ አስተማረ፣ አተረፈ፣ ያተረፈውን አበላ፣ ዘፈነ። ሚስቱ ፈትላ፣ ነግዳና ቤቱን ይዛ የሥራው ግማሽ እሷ ነበረች። በስሙ የተነገደባቸው ልጆች ዕዳ ደግሞ ገና አልተከፈለም። የዚያን ዕዳ ከፋይ ደላላው ብቻ ሳይሆን ዋጋ ሲያራክስ የኖረው ገዥም ነው።

ስለዚህ ለአንባቢ አንድ ቃል፦ በሚመጣው በዓል ጋቢ ወይም ቀሚስ ስትገዙ በእጅ የተሸመነ መሆኑን ጠይቁ፣ ማን እንደ ሸመነው ጠይቁ፣ ሸማኔው ልጅ እንዳልሆነ ጠይቁ፤ ከዚያም ያለ ብዙ ክርክር ተገቢውን ዋጋ ክፈሉ። ያ ሰው በማስቃላ አትርፎ ቤቱ እንዲገባ ማድረግ የሚችለው ገዥው ነው።